የተዘጋ ሁሉ ጠግቦ አይደለም

ዐሊያ ያህያ በንጽሕና ቀልድ አታውቅም። ዓደን፣ ክሬተር ሰፈር ውስጥ ባለው የዶክተር ሻዲያ የጥርስ ክሊኒክ ሥራዋ ሕመምተኛ መቀበልና ቀጠሮ መያዝ ነው፤ ያም ሆኖ ወለሉ ከተወለወለ በኋላ ጎንበስ ብላ በብርሃን ካላየችው ወንበሯ ላይ አትቀመጥም። እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመስኮቱ ደፍ ላይ አረንጓዴ ውሃ የሞላ ትልቅ ብልቃጥ ብታገኝ ምን እንደምታደርግ መገመት አያቅትም። አፍንጫዋን ይዛ ወስዳ ደፋችው። ብልቃጡንም በበረኪና አጥባ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባለቤቱ መጣ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የረጠበ ወጣት ነው። ባዶውን ብልቃጥ አየና በዐረብኛ፣ «እዚህ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሸቶ ነበር፤ ደፋሁት» አለችው እሷም በዐረብኛ። ፊቱ ሲለዋወጥ ብታይ ግን ለራሷ በአማርኛ አጉተመተመች፤ «የምን ጣጣ ነው ደግሞ በጠዋቱ!»

«ጣጣ አይደለም። የስድስት ነፍስ ቁርስ ነው» አለ ልጁ፣ በአማርኛ።

ዐሊያ የምትገባበት ጠፋት።

ራምዚ ይባላል። አባቱ የዓደን ሰው፣ እናቱ የደሴ ልጅ ነበሩ። እናቱ የሞቱት እሱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው፤ አማርኛውም እዚያው ዐሥራ ሦስት ዓመት ላይ ቀረ። «ራበኝ»፣ «ና ብላ»፣ «አትንካ» የሚለውን አሳምሮ ያውቃል። የሽማግሌ ወግና የነገር ውስጠ ወይራ ግን ሳይደርስበት እናቱን አጣ። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ መከራ የሚያመጣው እሱ ነው።

የዓሣ ገንዳ መትከልና መንከባከብ ሥራው ነበር። ዶክተር ሻዲያ፣ «ሰው መሰርሰሪያው ሲጮህ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይኑረው» ብላ ያስተከለችው ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ዓርብ ስለነበር ዐሊያ አላየችውም።

«የምን ስድስት ነፍስ?» አለች፣ በጥፋቷ እያፈረች።

«ነይ ላሳይሽ።»

ገንዳው ወደ አንድ ሜትር ይረዝማል። ከታች ደቃቅ አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ እንደ ጥብጣብ የረዘሙ ቅጠሎች፣ በቅጠሎቹ መሐል ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ራምዚ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ አሸዋ የሞላ የመስታወት ሳህን አሳያት። በመጀመሪያ ምንም አልታያትም። ቆይታ ግን ከአሸዋው ጋር እኩል ሆነው ጥንድ ጥንድ የተከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለየች።

«ዛጎሎች ናቸው። የባሕር አይደሉም፣ የወንዝ ናቸው፤ ከግብፅ ነው የመጡት። አሸዋው ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። በአንዱ አፍ ውሃ ይስባሉ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ለራሳቸው ያስቀራሉ፣ በሌላው አፍ ይመልሱታል። እዚህ ግን ማጣሪያው ሁሉንም ይወስድባቸዋል። ውሃው በጣም ንጹሕ ነው።»

«ውሃ ንጹሕ መሆኑ መጥፎ ሆነ?»

«ላንቺ ጥሩ ነው። ለነሱ ባዶ ሳህን ነው።»

ዐሊያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነገር ማንንም ያስርባል ብላ አስባ አታውቅም። ድምፅዋ ቀነስ አለና፣ «ታዲያ አሁን ምን ይብሉ?» አለች።

ከቦርሳው አረንጓዴ ዱቄት አወጣ፤ ከውሃ እፅ የተፈጨ ነው። በጥፍሩ ጫፍ ቆንጥሮ በውሃ በጠበጠው። እሷ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ከዶክተሯ መሳቢያ አመጣችለት። ማጣሪያውን አጠፋና ውሃው እስኪረጋ ጠበቁ። ከዚያ ስሪንጁን ከአፎቹ አንድ ጣት ያህል አርቆ፣ ቀስ እያለ፣ አረንጓዴውን ለቀቀው። የእጁ ጥላ ሲያርፍባቸው ስድስቱም ጥርቅም አሉ።

«ፈሩ!» አለች።

«ይፍሩ። ስታበዪያቸው እጅሽን አታንሺ፣ አትግፊም፤ ዝም ብለሽ ቆዪ። ይከፍታሉ።»

ቆዩ። ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አንዱ ዛጎል ከፈተ። ቀጥሎ ሌላው። ዐሊያ ቀና ስትል በመስታወቱ ላይ የራምዚን ዓይን አየች፤ ዛጎሎቹን አልነበረም የሚያየው።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ መምጣት አበዛ። አንድ ገንዳ በየሁለት ቀኑ ባለሙያ እንደማያስፈልገው ዶክተሯም፣ ጽዳት ሠራተኛዋም፣ ከታች ያለው መድኃኒት ሻጭም ያውቁ ነበር፤ ማንም ምንም አላለም። ዐሊያ አረንጓዴ ውሃ ማብቀል ተማረች፤ የገንዳውን አሮጌ ውሃ በብልቃጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማኖር ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ጠዋት ጠዋት ከቀጠሮ መዝገቡ በፊት የተከፈቱትን አፎች ትቆጥራለች። ከህረባው፣ ማለት መብራቱ ሲጠፋ፣ በዓደን ደግሞ የማይጠፋበት ቀን የለም፣ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ገንዳው ላይ ታንሳፍፋለች፤ ዛጎል ሙቀት አይወድምና።

አንድ ቀን ራምዚ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ዐሊያ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

«ብዪ» አላት።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች፣ ቤት እንዳስተማሯት።

«ደህና» አለና አራቱንም ሳምቡሳ ተራ በተራ በላ። ዐሊያ ምራቋን እየዋጠች እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ድረስ አየችው። «ስስታም ነው እንዴ?» ብላ ብታስብም የእጁን ልስላሴ፣ ዛጎሎቹን ሲያበላ ያለውን ትዕግሥት አስባ ይቅር አለችው።

በአራተኛው ወር፣ ማጣሪያው ጠፍቶ ውሃው እስኪረጋ ሲጠብቁ፣ ራምዚ ዓይኑን ከአሸዋው ሳያነሣ ተናገረ።

«ዐሊያ፣ አባትሽ ዘንድ ሰው ልላክ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ አባቴ ያውቃሉ» አለች።

«ይኼ እሺ ነው፣ እምቢ?»

ሳቀች። «ላክና ታየዋለህ!»

አባቷ ጋሽ ያህያ ልብስ ሰፊ ናቸው። የየመን ዘር ቢኖራቸውም ተወልደው ያደጉት ኮምቦልቻ ነው። ወደ ዓደን ሲመጡ ሁለት ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና ብቻ ይዘው መጡ፤ የአገር ቤቱን ወግ ግን አንድም ሳይቀንሱ ጭነውት መጥተዋል። እዚያ ኮምቦልቻ ዛሬ ዛሬ ልጅ በስልክም ይጠያየቃሉ አሉ። ጋሽ ያህያ ዘንድ ይህ አይሠራም።

የራምዚ አጎት ዐሚ ሰላህ ሁለት የተከበሩ ሰዎች አስከትለው፣ ማር ይዘው፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ጋሽ ያህያ በክብር ተቀበሉ፣ ሻይ አስቀረቡ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ ገና ናት። የምድራት ልጅ የለኝም» አሉ።

ዐሊያ በጓዳ በር ሆና ስትሰማ ቅንጣት አልደነገጠችም። እንግዶቹ ከወጡ በኋላም ጋሽ ያህያ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «ጨዋ ሰዎች ናቸው። መቼ ይመለሱ ይሆን?» አሉ።

አልተመለሱም።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት። ራምዚም ክሊኒኩን ረሳው። አረንጓዴውን ውሃ ከታች መድኃኒት ሻጩ ዘንድ እያስቀመጠ ይሄዳል፣ ወደ ላይ አይወጣም። ዐሊያ መጀመሪያ ጠበቀች፣ ቀጥሎ ተገረመች፣ በመጨረሻ ተቃጠለች። በአንዲት እምቢታ የሚደነብር ወንድ! ቢወደኝ ሰባት ጊዜ አይመላለስም ነበር? ስልኩን ይዛ ስሙ ላይ ጣቷን አሳርፋ ስንት ቀን እንደተወችው እሷ ታውቃለች። ሴት ልጅ «ለምን አልመጣህም» ብላ እንዴት ትጠይቃለች? ሰው ምን ይላል?

የዚህን ጊዜ የሠራችውን ጥፋት አልሸፍንላትም። ብልቃጡን ማየት አስጠላት። ከመድኃኒት ሻጩ ዘንድ ማምጣቱን ተወች፤ ስሪንጁንም መሳቢያው ውስጥ ዘጋችበት። ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ ውሃው እንደ እንባ ጠራ። ሕመምተኞች «ማሻአላህ፣ እንዴት ይጠራል!» እያሉ አደነቁ። ከስድስቱ ጥንድ አፎች አምስቱ ብቻ ተከፈቱ፤ ከዚያ ሦስቱ፤ ከዚያ አንድም። ዐሊያ አየችና፣ «ጠግበው ነው» ብላ አለፈች። ማታ አባቷ ሳህኑን ወደሷ ሲገፉላት እሷም «ጠግቤያለሁ» ትል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሸተተ። ዶክተር ሻዲያ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ልጁን አሁኑኑ ጥሪው» አለች።

«እርስዎ ይጥሩት፣ ዶክቶራ።»

ዶክተሯ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻትና ራሷ ደወለች።

ራምዚ ከሳ ብሎ መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። ክንዱን እስከ ትከሻው ውሃው ውስጥ ከትቶ ከሳህኑ አንድ ዛጎል አወጣ፤ ሁለቱ ቅርፊቶቹ ብርግድ ብለው ተከፍተዋል፣ ውስጡ በስብሷል። ሽታው የሱ ነው። ሌሎቹን አምስት አንድ በአንድ እያወጣ መዳፉ ላይ አገላበጠ። ጥርቅም ብለዋል።

«ሞተዋል?» አለች ዐሊያ።

«አልሞቱም። የሞተ ይከፈታል። እነዚህ ግን ተርበዋል። ስንት ጊዜ ሆናቸው ካልበሉ?»

«አምስት ሳምንት» አለችና አንገቷን ደፋች። «ዝም ሲሉ የጠገቡ መሰለኝ።»

ራምዚ አልተቆጣም። የተበከለውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ፣ ንጹሑን እየተካ፣ ወደ መስታወቱ እያየ ተናገረ። «ዛጎል ራበኝ አይልም። አይጮህ፣ አይከተልሽ። ይዘጋል፣ ዝም ይላል፣ ውስጥ ውስጡን ያልቃል። የተዘጋ ሁሉ ጠግቦ አይደለም። ምግቡን ይዘሽ መመለስ አለብሽ፤ ደግመሽ፣ ደጋግመሽ።»

ዐሊያ ቀና ብላ አየችው።

«ይህን ለዛጎል ታውቃለህ» አለች። «ለሰው ሲሆን ግን አታውቅም!»

«ምን አልሽ?»

«ለምን ቀረህ ራምዚ?»

ባልዲውን አስቀመጠ። «ምን ላድርግ? አባትሽ እምቢ አሉ።»

«ስንት ጊዜ?»

«የምን ስንት ጊዜ?»

«ስንት ጊዜ እምቢ አሉ ነው የምልህ!»

«አንዴ ነዋ።»

«አንዴ!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሕመምተኞች ጉንጫቸውን እንደያዙ ዞሩ። «አንዴማ ለሻይም እምቢ ይባላል!»

ራምዚ እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ቃል በቃል፣ እንደ ልጅ ተናገረ። «እኛ ዘንድ የሰው ሴት ልጅ ጠይቀሽ እምቢ ከተባልሽ ኸላስ ነው፣ አለቀ። ነሲብ የለም፣ አልተጻፈላችሁም ይባላል። ደግሞ ደጃቸውን መርገጥ ነውር ነው፣ ልጅቷንም ማስቸገር ነው። ዐሚ ሰላህ ‹ስሟን እንኳ እንዳታነሣ› አለኝ። ወላሂ፣ አክብሬሽ ነው የቀረሁት።»

«እኔ ደግሞ ንቀኸኝ መስሎኝ!» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «እናትህ ቢኖሩ ይነግሩህ ነበር። የመጀመሪያው እምቢ ለወጉ ነው። ሁለተኛው ለክብር ነው። አባት የልቡን የሚናገረው ሦስተኛው ላይ ነው። አባቴ እኮ በየሐሙሱ ምንጣፉን እያስነጠፉ በር በሩን ሲያዩ ከረሙ!»

ቆይቶ ራምዚ ግንባሩን አኮማትሮ፣ «ቆይ፣ ያን ቀን ሳምቡሳውም...» አለ።

«በረሃብ ልሞት ነበር!»

ሳቅ አመለጠው፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ቅዳሜ ወደ ሙከላ ከተማ እሄዳለሁ፣ ዐሊያ። ዓሣ የሚያራባ ሰው ቀጥሮኛል፤ የሁለት ዓመት ውል ነው። እዚህ መኖሩ ስላቃተኝ ነው እሺ ያልኩት። እስከ ዓርብ አባትሽ እሺ ካሉ ለሠርግ ብዬ አንድ ወር አስፈቅዳለሁ፣ ከዚያም አብረን እንሄዳለን። ካላሉ ቅዳሜ መኪናው ላይ ነኝ።»

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዐሊያ በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ ሁለተኛው፣ ዓርብ ሦስተኛው። ሽማግሌ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ሲሄድ ማን አየ?

እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ራምዚ፣ እኔ እፈልግሃለሁ። ይህን የምናገረው አንዴ ነው፤ እንዳታስደግመኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ተናግራ አታውቅም። ራምዚም ምን እንደሰጠችው ገባው መሰል፣ አላስደገማትም። ማጣሪያውን አጠፋና እጁን ዘረጋ፤ ዐሊያ ስሪንጁን ከመሳቢያው አምጥታ ሰጠችው። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ቆዩ። ያን ቀን የከፈተው አንድ ዛጎል ብቻ ነበር፤ እሱም በቅጡ አልነበረም።

ዐሚ ሰላህን ማሳመን ግን ዛጎል እንደ ማስከፈት ቀላል አልሆነም። «እንደ ለማኝ ደጅ ልመላለስ?» ብለው ጮኹ። ራምዚ ራሳቸውን ሳመ፣ የሟች እናቱን ስም አነሣ፣ ወጉን አስረዳ። በመጨረሻ ሐሙስ ከዐስር በኋላ እያጉረመረሙ መጡ። ጋሽ ያህያ ሲያዩአቸው ደስታቸውን በጢማቸው ሸሸጉ፤ ሻይ አስቀረቡ፤ ሰሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክብራችሁ ከኛ ዘንድ ትልቅ ነው» አሉ። «ልጄን ግን አልሰጥም።»

ዐሚ ሰላህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ነገም እንመጣለን!» አሉ፤ ዛቻ እንጂ ልመና አይመስልም ነበር።

«ነገ?» ጋሽ ያህያ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «እሳት ልትጭሩ ነው እንዴ?» ሌላ አልተናገሩም፤ ሸኟቸው።

ዐሊያ ጓዳ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰማች። አባቷን ታውቃለች። ሥርዓቱ ተጣደፈ ብለው ሳምንት ቆዩ ካሉ ቅዳሜ መኪናው ይነሣል። ማታውኑ ልትለምናቸው አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ ግን ያ ባዶ የበሰበሰ ቅርፊት ታያትና ጓዳውን ለቅቃ ወጣች።

«አባባ» አለች፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ። «ርቦኛል።»

ጋሽ ያህያ ግራ ገባቸው። «ብዪ እንጂ፣ ምን ከለከለሽ?»

«የእህል አይደለም። ልጁን እወደዋለሁ። ቅዳሜ ወደ ሙከላ ሊሄድ ነው። ለወጉ ብለን ብንዘጋ ያልቅብኛል።»

አባቷ ልጃቸው ይህን በአፏ መናገሯ ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ወደ ታች ተመለከቱ።

«ያ ከሳምቡሳ ሻጩ አጠገብ ቆሞ ወደ ላይ የሚያንጋጥጠው እሱ ነው?»

ዐሊያ ተነሥታ ከጎናቸው ቆመች። ራምዚ ነው። ሁለተኛውን እምቢታ ከአጎቱ ሰምቶ እዚያው ቀርቷል። ሲያያት አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። አንድ ቀረ ማለቱ ነው።

«ምንድን ነው የሚያሳየን?» አሉ ጋሽ ያህያ።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ አባባ።»

ጋሽ ያህያ ልጁን እንደ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ለኩት። ከዚያ መጋረጃውን እየመለሱ፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ «ሩዝ ዘፍዝፊ። ዐሥራ ሁለት ሰው የሚያበላ» አሉ።

«ለማን?»

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ለሚመጡት። ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኳቸውን ሰዎች በባዶ ሆዳቸው ‹ልጅዎን ይስጡን› ላሰኛቸው ነው?»

ወደ ስፌት መኪናቸው ሁለት እርምጃ ሄዱና ዞር አሉ።

«ደግሞ ያን ልጅ ጥሪውና ራት ይብላ። ጠግቤያለሁ ቢል እንዳትሰሚው።»